ከጡት ካንሰር በኋላ ኦቫሪን ስለ ማውጣትና ስለ ሆርሞን ሕክምና ሲወሰን የሚፈጸሙ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ በማህፀንና ጽንስ ሕክምና እሠራለሁ። የጡት ቀዶ ሕክምናና ኬሞቴራፒ የጨረሱ ሴቶች «ኦቫሪዋ ይውጣላት» የሚል የሪፈር ወረቀት ይዘው ወደ እኔ ይላካሉ። ኦቫሪ እንቁላል የሚያፈራውና ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የሚያመነጨው አካል ነው። ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦና ከምዕራብ አርሲ የሚመጡት እነዚህ ሴቶች አብዛኞቹ የወር አበባቸው በተፈጥሮ ያልተቋረጠ፣ ገና ልጆች የሚያሳድጉ ናቸው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ የተወሳሰበ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ከዚያ በፊት ሊጠየቅ ሲገባው ሳይጠየቅ የቀረው ነገር ነው።

ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ስህተት የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ ውጤት ሳይኖር መወሰን ነው። ኦቫሪን ማውጣትም ሆነ ኤስትሮጅን በካንሰሩ ላይ እንዳይሠራ የሚያግደውን ታሞክሲፈን የተባለ ክኒን መዋጥ ካንሰሩን የሚከላከለው የካንሰሩ ሕዋሳት የኤስትሮጅን ወይም የፕሮጄስትሮን (ሌላው የሴት ሆርሞን) ተቀባይ፣ ማለትም ሆርሞኑ የሚያርፍበት ቦታ፣ ሲኖራቸው ብቻ ነው። ተቀባይ የሌለው ካንሰር ኦቫሪው ወጣ አልወጣ ደንታ የለውም፤ ሴትየዋ ግን በ33 ዓመቷ ያለ ምንም ጥቅም አርጣ ትቀራለች። ጆርጅ ቢትሰን የተባለው የግላስጎው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1896 ኦቫሪ ማውጣት የተስፋፋ የጡት ካንሰርን ሊያሳንስ እንደሚችል ሲዘግብ፣ ለምን አንዷን ረድቶ ሌላዋን እንደማይረዳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል፤ እያወቁ እንደዚያ ዘመን ሐኪም በግምት መሥራት ይቅርታ የሚደረግለት አይመስለኝም። የፓቶሎጂ ወረቀቱ ላይ የካንሰሩ ስም መጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ «ኢአር» (የኤስትሮጅን ተቀባይ) እና «ፒአር» (የፕሮጄስትሮን ተቀባይ) የሚሉ ውጤቶች ከነመቶኛቸው መኖር አለባቸው። ኢአር 1 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ተቀባይ አለው ይባላል፤ ከ1 እስከ 10 በመቶ ሲሆን ግን የሕክምናው ጥቅም ያነሰ ሊሆን ስለሚችል ጉዳዩን ከካንሰር ሐኪሙ ጋር ለይቶ መነጋገር ይገባል። ምርመራው ቀድሞ ካልተሠራ ደግሞ ጊዜው አልፏል ማለት አይደለም፤ ናሙናው የተቀመጠበት የፓራፊን (ሰም) ብሎክ በላቦራቶሪው ካለ ከወራትም ከዓመታትም በኋላ ሊመረመር ይችላል። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ብሎኩንም ጠይቁ።

«ተቀባይ የለውም» የሚል ውጤት ሲመጣም ናሙናው እንዴት ተይዞ እንደነበር መጠየቅ ተገቢ ነው። ከሰውነት የወጣው ሥጋ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ የፎርማሊኑ መጠን ከሥጋው አሥር እጥፍ ያህል፣ የቆይታው ጊዜም ከ6 እስከ 72 ሰዓት ቢሆን ይመከራል። እኛ ዘንድ ግን ጠርሙሱን በፌስታል አንጠልጥሎ በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው ብዙ ጊዜ የታማሚዋ ወንድም ነው። ጡት ሙሉውን በግሉኮስ ውሃ ተነክሮ ሲመጣ አይቻለሁ። ከእንዲህ ዓይነቱ ናሙና የሚገኝ አሉታዊ ውጤት አያስተማምንም።

ተቀባይ በሌለው ካንሰርም ቢሆን ኦቫሪ የሚወጣበት አንድ ዋና ምክንያት አለ፤ እርሱም ብራካ የተባሉት ጂኖች ለውጥ ሲኖር የኦቫሪ ካንሰርን ለመከላከል የሚደረገው ነው። እናት፣ እህት ወይም አክስት በጡት ወይም በኦቫሪ ካንሰር ታምመው ከነበረ ሳይጠየቅም መናገር ያስፈልጋል።

ኦቫሪን ከማህፀን ጋር ማምታታትም አለ። ማህፀን ሲወጣ ደሙ ይቆማል እንጂ ኤስትሮጅኑ አይቆምም።

ከዚህ የሚከፋው ግን የወር አበባ ስለቀረ ብቻ «አርጣለች» ብሎ መደምደም ነው። ኬሞቴራፒ የወር አበባን ያቆማል፤ በተለይ ከ40 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ይመለሳል። ታሞክሲፈንም በበኩሉ ያዛባዋል። ሌትሮዞል፣ አናስትሮዞልና ኤክሰመስታን የተባሉት ኤስትሮጅን እንዳይመረት የሚያግዱ ክኒኖች የሚሠሩት ኦቫሪያቸው ሥራ ባቆመ ሴቶች ላይ ነው። ኦቫሪዋ ለሚሠራ ሴት ብቻቸውን ሲሰጡ፣ አንጎል የኤስትሮጅኑን ማነስ አይቶ ኦቫሪውን አብዝቶ ይቀሰቅሰዋል። እኛው የማህፀን ሐኪሞች ልጅ ለመፀነስ ለተቸገሩ ሴቶች ሌትሮዞል የምናዝዘው በዚሁ ምክንያት ነው። «አርጣለች» ተብሎ ሌትሮዞል የታዘዘላት የ38 ዓመት ሴት ሆዷ ሲነፋ ካንሰሩ የተሠራጨ መስሏት እያለቀሰች መጥታ፣ በአልትራሳውንድ ያየሁት ልቡ የሚመታ ጽንስ ነበር። ስለዚህ ወደነዚህ ክኒኖች ከመሸጋገር በፊት የኤስትራዲዮል (ዋናው የኤስትሮጅን ዓይነት) እና የኤፍኤስኤች (አንጎል ኦቫሪውን የሚቀሰቅስበት ሆርሞን) መጠን በደም ይለካ፤ አንድ ጊዜ ተለክቶም አይበቃም፣ ይደገም። ጥርጣሬ ካለ ታሞክሲፈን ላይ መቆየት ይሻላል፤ እርሱ ላረጠችም ላላረጠችም ይሠራል።

ኦቫሪን መግታት፣ ማለትም በቀዶ ሕክምና ወይም በመርፌ ሥራውን ማስቆም፣ ለሁሉም እኩል ይጠቅማል ብሎ ማሰብም ስህተት ነው። ሶፍት የተባለው ጥናት የመጀመሪያ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ፣ ከ35 ዓመት በታች ከነበሩት ሴቶች መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ የጡት ካንሰር ያልተመለሰባቸው በታሞክሲፈን ብቻ 68 በመቶ ገደማ፣ ኦቫሪ መግታት ሲታከልበት 79 በመቶ ገደማ፣ ኤክሰመስታን ከኦቫሪ መግታት ጋር ለወሰዱት ደግሞ 83 በመቶ ገደማ ነበሩ። ኬሞቴራፒ ያላስፈለጋቸው ዝቅተኛ ሥጋት ያለባቸው ሴቶች ግን በታሞክሲፈን ብቻ ከ95 በመቶ በላይ ደኅና ሆነው ተገኝተዋል። ለእነዚህ የኋለኞቹ ኦቫሪያቸውን ማውጣት የሚያስከፍለው ከሚሰጠው ይበልጣል።

የሚያስከፍለውም ቀላል አይደለም። በተፈጥሮ የሚመጣ ማረጥ በዓመታት ቀስ እያለ ይደርሳል፤ በቀዶ ሕክምና የሚመጣው ግን በቀናት ውስጥ ነው፦ ሌሊት በላብ መጠመቅ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የአጥንት መሳሳት፣ በግንኙነት ጊዜ ድርቀትና ሕመም። የመጨረሻውን ሴቶቻችን አይናገሩትም፤ እኔ ስለምጠይቅ ብቻ ይነግሩኛል። ደግሞም የወጣ ኦቫሪ አይመለስም። በየ28 ቀኑ በሆድ ቆዳ ሥር የሚሰጠው፣ ኦቫሪን ለጊዜው የሚገታው ጎሴሬሊን የተባለ መርፌ ግን ሲቆም ኦቫሪው አብዛኛውን ጊዜ በተለይ በወጣቶች ላይ ሥራውን ይጀምራል። ስለዚህ መርፌው በሚገኝበትና አቅም በሚፈቅድበት ቦታ ለጥቂት ወራት በእርሱ መሞከርን፣ ከዚያ በኋላ መወሰንን እመርጣለሁ። ጉዳዩ የዛሬ ወይም የነገ አይደለም፤ በቂ ውይይት ለማድረግ የሚወስዱት ሳምንታት ጉዳት አያመጡም።

ይሁን እንጂ መርፌውን ለማን እንደምንሰጥ ማየት አለብን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወቅት ቀጠሮዋን የምታሳልፍ ሴት፣ መርፌው ሲዘገይ ኦቫሪዋ ሊነቃ ይችላል፤ ከመርፌው ጋር ሌትሮዞል የምትወስድ ከሆነ ካንሰሩን የሚከላከልላት ሕክምና ሳይኖራት ትቀራለች። መውለድ ለጨረሰች፣ ሥጋቷ ከፍተኛ ለሆነና መንገዱም ወጪውም ለሚከብዳት ሴት ኦቫሪን አንድ ጊዜ ማውጣት የድሃ ምርጫ ሳይሆን ትክክለኛ ሕክምና ነው።

ውሳኔው ግን የእርሷ ይሁን። ባልና ታላቅ ወንድም ከሐኪሙ ጋር ኮሪደር ላይ ተነጋግረው ሲጨርሱ፣ እርሷ ካርዷን ይዛ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሁሉን ጨርሰው «ትፈርም» ይሉኛል። እኔ ከእርሷ ጋር ብቻዬን ሳልነጋገር አላስፈርምም፤ ይህን የሚቃወም ቤተሰብ ሌላ ሐኪም ይፈልግ። ልጅ የምትፈልግ ሆና የተገኘች ጊዜ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል፤ የሆርሞን ሕክምናውን ቢያንስ 18 ወር ከወሰዱ በኋላ በካንሰር ሐኪም ክትትል ለጊዜው አቋርጦ መፀነስ እንደሚቻል፣ በአጭር ጊዜ ክትትልም በሽታው የመመለስ ዕድሉን እንዳልጨመረ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

ታሞክሲፈን እርግዝናን አይከላከልም፤ ጽንስንም ይጎዳል። ዲፖ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና የሚዋጠው መከላከያ ሁሉ ሆርሞን ስላላቸው ለእነዚህ ሴቶች አይሆኑም። ምርጫው መዳብ ያለበት ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ዲፖ ልትሰጥ ስትመጣ በሽታውን ንገሯት።

ታሞክሲፈንን ለአምስት ዓመት መውሰድ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድልን በአንድ ሦስተኛ ያህል ይቀንሳል፤ «ድኛለሁ» ብሎ በሁለተኛው ዓመት የሚያቆመው ሰው ግን ብዙ ነው። ጸበልም ጸሎትም ከክኒኑ ጋር አይጣሉም። ታሞክሲፈን በቀን አንዴ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚዋጥ፣ ሁዳዴን የምትጾም ከቅዳሴ በኋላ፣ ረመዳንን የምትጾምም ካፈጠረች በኋላ ልትወስደው ትችላለች።

ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ ታሞክሲፈን እንደሚወሰድ አለመናገርም አደገኛ ነው። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ታሞክሲፈን ወደሚሠራበት መልክ እንዳይለወጥ ያግዱታል፤ የቲቢው ሪፋምፒሲን ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ያረጠች ሴት ታሞክሲፈን እየወሰደች ከማህፀኗ ደም ካየች፣ ጠብታም ቢሆን፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ማህፀኗ ይመርመር። አንድ እግር ብቻ ካበጠና ባቱ ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ካጠረ ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።