ልጆች ራሳቸው መርጠው በሚማሩበት ክፍል መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ ልጆች ጨዋታቸውን ራሳቸው እየመረጡ የሚማሩበትን ዘዴ የሚሞክር መዋዕለ ሕፃናት ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። መምህሯ ዕቃውን ሁሉ ወለል ላይ ትዘረግፍና «በሉ ተጫወቱ» ብላ ትቀመጣለች። ቆርኪው ይበተናል፣ ልጆቹ ይጣላሉ፣ «ለእኛ ልጆች አይሆንም» ይባላል። ጥፋቱ ግን የዝግጅቱ ነው።

ዕቃ ማብዛት። ለ30 ልጅ አምስት ማዕዘን (ዕቃው ተለይቶ የሚቀመጥበት የጨዋታ ቦታ) ይበቃል፦ ጭቃ፣ ቆጠራ፣ እቃቃ፣ ሥዕል፣ መጽሐፍ። በየማዕዘኑ ስድስት የልብስ መቆንጠጫ ይስቀሉ። የሚገባ ልጅ አንዱን ደረቱ ላይ ይሰካል፤ መቆንጠጫው ካለቀ ማዕዘኑ ሞልቷል። ሕጉን ልጆቹ ራሳቸው ያስከብሩታል። ጭቃውን ከጎንደር አጠገብ ካለችው ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች ማግኘት ይቻላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ክዳን ባለው ባልዲ ካላስቀመጡት ይደርቃል። የቆርኪውን ጠርዝ በመዶሻ ያስተኙት። ባቄላና ሽምብራ ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ፈጽሞ አይሰጥም፣ ያንቃል። አፍንጫቸው ውስጥ የሚከቱ ትልልቆችም ስላሉ ቆጥረው ሰጥተው ቆጥረው ይቀበሉ።

ቶሎ እጅ ማስገባት። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ከደግነት ስለሚመጣ አይታወቅም። አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ በጭቃ ጀበና ትሠራለች እንበል። አንገቱን ትተክላለች፣ ይወድቃል። ደግማ ትተክላለች፣ ይጋደላል። መምህሯ «እንዲህ ነው» ብላ ካቆመችላት ልጅቷ ጭቃውን ትታ የመምህሯን ፊት ማየት ትጀምራለች። ዝም ቢሏት ግን አንገቱ መቅጠኑን ወይም ጭቃው ውኃ መብዛቱን በጣቷ ትደርስበታለች። ስለዚህ ቀና ብላ እስክታይዎት ይጠብቁ። ያኔም ያዩትን ብቻ ይንገሯት፦ «አንገቱ ወደ ግራ አዘነበለ።» ቀጥሎ «ምን ብናደርገው ይቆም ይመስልሻል?» ይበሏት። በየደቂቃው «ጎበዝ!» ማለትም ያው ጣልቃ መግባት ነው።

ጊዜ ማሳጠር። ልጆች መርጠው እስኪረጋጉ ብቻ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሄዳል፤ 20 ደቂቃ የሰጠ ምንም አልሰጠም። ቢያንስ 45 ደቂቃ ይስጡ፣ ሊያበቃ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይንገሯቸው፤ ለማንሣት ሌላ 10 ደቂቃ ይጨምሩ።

ፊደልን ከምርጫው ማውጣት። «ሀ ሁ ሂ»ን በዜማ የሚያወርድ ልጅ «ሚ የቷ ናት?» ሲባል ከ«መ» ተነሥቶ እየቆጠረ ይደርሳል፤ ዜማውን እንጂ ፊደሏን አያውቃትም። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ድሮ ስላወቀ ነው ቅደም ተከተሉን አፍርሶ «አ ቡ ጊ ዳ» የሚያስነብበው። እርስዎም ከልጁ ስም ፊደላት ይጀምሩ። የእቃቃው ጨዋታ ቅዳሜ ገበያ ሆኖ ሲደራ «ሽሮ»፣ «በርበሬ» የሚል ካርድ ያስቀምጡ፤ ማንበቡ ለጨዋታው ያስፈልጋቸዋል።

ሳይጽፉ መዋል። በቀን ሦስት ልጅ ይመልከቱ፤ 30ው በ10 የትምህርት ቀን ይዳረሳል። «ጥሩ ነው» ብሎ መጻፍ አይጠቅምም። «እስከ ሰባት ባቄላ ቆጠረ፤ ስምንተኛዋን ሁለቴ ነካት» ብለው ይጻፉ፤ በማግስቱ ምን ማዕዘኑ ላይ እንደሚያኖሩ የሚነግርዎት ይህ ነው። «የልጄ ደብተር ለምን ባዶ ሆነ?» ብለው ለሚመጡ እናትም የሚያሳዩት ይህንኑ ገጽ ነው።