ሐይቅ ተቀምጦ ደሴ መሥራት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለችው ሐይቅ፣ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ፣ የደሴ ኪራይና ብርድ የሰለቸው ሰው ዓይኑን የሚጥልባት ከተማ ናት። አየሯ ለስለስ ይላል፣ አጠገቧ ሐይቅ ስላለም ዓሣው ቅርብ ነው። ጓዝዎን ከመጫንዎ በፊት ግን የሚከተሉትን ያስቡባቸው።

መንገዱን በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

30 ኪሎ ሜትር ሲባል የግማሽ ሰዓት መንገድ ይመስላል። ሚኒባሱ ግን የሚነሳው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ ነው፤ በየመንገዱ ያወርዳል፣ ይጭናል፤ በክረምት ቦሩ ሜዳ ላይ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ ያዘግማል። ደሴ 2፡30 ቢሮ የሚገባ ሰው 1 ሰዓት ሳይሞላ መነኻሪያ ቢገኝ ይሻለዋል። ከጠዋቱ ይልቅ የሚከብደው ማታው ነው። ሥራ 11፡30 ያልቃል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መሽቷል፤ ያኔ የሚገኘው መኪና ወይ ትርፍ የሚጭን ነው ወይ ኮንትራት የሚጠይቅ። ጸጥታው ሲደፈርስ የማታው መኪና ከሁሉ ቀድሞ ይቀራል። ስለዚህ ደሴ ላይ ዘመድ ወይም ወዳጅ ቤት አንድ ፍራሽ ይኑርዎት።

ሂሳቡንም ይሥሩት። በወር 22 የሥራ ቀን ማለት 44 ጉዞ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ ባጃጅ የሚይዙ ከሆነ 88 የባጃጅ ሒሳብ ይታከልበታል። ከኪራዩ የሚተርፈው ከዚህ ካነሰ ሐይቅን ለሰንበት ይተዉት።

ቤቱን በበጋ ፀሐይ አይቶ መከራየት

ወሎ በልግም ክረምትም ስላለው ቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። በሐምሌ ማየት ካልቻሉ ምልክቱን ይፈልጉ፦ ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለ ቆርቆሮው ያፈሳል፤ ግድግዳው ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ከተላጠና ዱቄት ከሆነ እርጥበት ከሥር እየሳበ ነው። ዋልካ አፈር ላይ የተሠራ ቤት ደግሞ የባሰ ነው፤ አፈሩ ሲዘንብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ከልስኑ ናት፣ አታስጨንቅም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥታ በሰያፍ የምትወርድና ሳንቲም የምታስገባ ከሆነች ግን የመሠረቱ ናት፤ ቀለም ቢቀቧት ተመልሳ ትከፈታለች።

መብራት ካለ ይበቃል ማለት

አምፖል መብራቱ ምንም አያረጋግጥም። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ ይወስዳል፣ ይህም በ220 ቮልት 16 አምፔር አካባቢ ነው፤ የራሱ ብሬከርና ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ይፈልጋል። በቀጭን ሽቦ ከሰካችሁት ሶኬቱ ይቀልጣል። ከመስመሩ ጫፍ ያለ ቤት ማታ ኃይሉ ስለሚወድቅ ምጣዱ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከመፈረምዎ በፊት ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ያስጋግሩበት። ቆጣሪው የግል መሆኑንም ይጠይቁ፤ የጋራ ቆጣሪ ያጣላል።

አንድ በርሜል ውኃ ይበቃል ማለት

ቧንቧ አለ ማለት ውኃ በየቀኑ ይመጣል ማለት አይደለም። ለአንድ ሰው በቀን 30 ሊትር ቢታሰብ አራት ሰው 120 ሊትር ይፈጃል። 200 ሊትር በርሜል ሁለት ቀን አያደርስም፤ 1000 ሊትር ሮቶ ሳምንት ያሻግራል። የሞላ ሮቶ አንድ ቶን ስለሚመዝን በእንጨት ርብራብ ላይ አይቀመጥም፣ ኮንክሪት ወይም የብረት ማማ ይሠራለት።

ሐይቁን እንደ ጓሮ መቁጠር

ዳርቻው ላይ እግር መንከር የሚያስመኝ ነው። ነገር ግን ቢልሃርዝያ በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ በጥናት ተገኝቷል። ትሉ ቀንድ አውጣ ካለበት ጥልቀት የሌለው ውኃ በቆዳ በኩል ይገባል፤ ውኃ አፍልቶ መጠጣት ከዚህ አያድንም። ልጆች ከገቡ የሰገራ ምርመራ ያስደርጉ፤ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ወባም አለች። በሀገራችን በብዛት የምትታወቀው ከ2000 ሜትር በታች ነው። ከ2400 ሜትር በላይ ያለችው ደሴ አጎበር አታውቅም፤ ሐይቅ ግን ልክ ወሰኑ ላይ ናት። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ትኩሳት ሲይዝ «ጉንፋን ነው» ሳይሉ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ይመርመሩ።

ጸጥታ ፈልጎ አስፋልት ዳር መከራየት

የደሴ–ወልድያ አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ ያልፋል፣ ከባድ መኪናው ሌሊትም አያርፍም። ውስጥ ለውስጥ መግባት ነው። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የት እንዳሉም ይዩ፤ አዛኑም ቅዳሴውም ሳይነጋ ይጀምራሉ።

ከአርሶ አደር በመንደር ውል መሬት መግዛት

ደላላው ሦስት ምስክር ይዞ ይመጣል፣ ውሉም ያምራል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ስለዚህ ወረቀቱ ዋጋ የለውም፣ የሚተርፍዎት የጨረቃ ቤት ነው። ካርታ ያለው ቤት ከሆነ የሚገዙት፣ ካርታውን ማዘጋጃ ቤት ሄደው ያስመሳክሩ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት ውሉ በጽሑፍ መሆንና መመዝገብ አለበት።

ቅሬ ሳይገቡ መክረም

ሌላው ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚቀባበርበት የሰፈር ማኅበር ነው። «ማደሪያዬ እንጂ መዋያዬ አይደለም» ብሎ የሚቆይ ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳን የሚተክልለት ያጣል። በገቡ በመጀመሪያው ወር የሰፈሩን የቅሬ ዳኛ ይጠይቁ፣ መግቢያውን ይክፈሉ። ቡና ጀባ ሲባሉም «ቸኩያለሁ» ብቻ አይበሉ፤ አንድ አቦል ቢጠጡ ይታወቅልዎታል። ደሴ የሚውል ሰው በቀብር ሰዓት አይገኝምና፣ የቀሪ ቅጣቱ ስንት እንደሆነና በምትክ ባለቤትን ወይም ልጅን መላክ ይፈቀድ እንደሆነ ሲመዘገቡ ይጠይቁ፤ ደንቡ ከቅሬ ቅሬ ይለያያል።