አሮጌና አነስተኛ አኮስቲክ ጊታር እንዴት ተመርምሮ ይገዛል፣ እንዴትስ ይያዛል?

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ አነስተኛ አኮስቲክ ጊታር ሲያነሱ መጀመሪያ የሚያስገርመው ቅለቱ ነው። ብዙዎቹ ሁለት ኪሎ አይሞሉም። የድምፃቸው ምስጢርም እዚያው ቅለት ውስጥ አለ። የፊት ጣውላው ስስ ነው፤ ከሥሩ የተጣበቁት ማገሮችም ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ ክሩ በጣት ጫፍ ሲነካ ጣውላው ወዲያው ይንቀሳቀሳል። ትልልቆቹ ድሬድኖት ጊታሮች ጠንከር ብለው ካልመቷቸው ሙሉ ድምፅ አይሰጡም፤ እነዚህ ግን በለሆሳስ ሲጫወቱባቸውም ይናገራሉ። ሳጥናቸው የሚይዘው አየር አነስተኛ በመሆኑ የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ ሌላውን አያጥለቀልቅም፣ የቀጫጭኖቹም አይዋጥም። በጣት ለሚጫወት፣ እየተጫወተ ለሚዘፍን ወይም በማይክሮፎን ለሚቀዳ ሰው ከዚህ የተሻለ መሣሪያ ማግኘት ከባድ ነው።

ጊታሩን የሚጎዳውም ያው ቅለቱ ነው። የብረት ክር ስድስቱም ተደምሮ ወደ 70 ኪሎ ገደማ ይስባል። ይህን ጉተታ ለሰማንያና ለዘጠና ዓመት የተሸከመ ስስ ጣውላ ይጎብጣል፤ አንገቱም ወደ ፊት ያዘነብላል። ስለዚህ ከመልኩ በፊት አቋሙን ይመርምሩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጠኑንና ዘመኑን መለየት

የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ማርቲን አነስተኛ ጊታሮቹን በዜሮ ነው የሚጠራቸው። የሳጥኑ የታችኛው ሰፊ ክፍል ወርድ በ0 34.3፣ በ00 36 ገደማ፣ በ000 ደግሞ 38.1 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ድሬድኖት 39.7 ነው። በወርድ ብቻ ሲታይ 000 ከድሬድኖት ብዙም አይርቅም። ሆኖም ጥልቀቱ ያነሰ ወገቡም የጠበበ ስለሆነ ድምፁ ሌላ ነው። በሌላው አሜሪካዊ ጊታር ሠሪ በጊብሰን በኩል ኤል-00 37.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ1942 የመጣው ኤልጂ-2 ደግሞ ወደ 36 ይጠጋል። እንግሊዛዊው ጊታሪስት ኤሪክ ክላፕተን በ1992 በቴሌቪዥን በ1939 ስሪት ማርቲን 000-42 ሲጫወት ከታየ በኋላ ብዙ ሰው ወደ እነዚህ መጠኖች ዞሯል፤ ፋብሪካውም በ1995 በክላፕተን ስም አዲስ 000-42 አውጥቷል። የብሉዝ ተጫዋቹ የሮበርት ጆንሰን ታዋቂ የስቱዲዮ ፎቶግራፍ ላይ የሚታየውም ትንሹ ጊብሰን ኤል-1 ነው።

አንገቱ ከሳጥኑ የሚጋጠመው በስንተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች) ላይ እንደሆነ ይቁጠሩ። 12ኛው ላይ ከሆነ ብሪጁ (ክሮቹ የሚያዙበት፣ ፊት ጣውላው ላይ የተጣበቀው እንጨት) ወደ ሰፊው ክፍል መሀል ይጠጋል፤ ድምፁ ሞቅና ክብ ያለ ይሆናል። አንገቱ ሰፊ ነው፣ ነቱ (ከመቃኛዎቹ የሚመጡት ክሮች አንገቱ ጫፍ ላይ የሚያርፉበት) ላይ ብዙ ጊዜ 47.6 ሚሊ ሜትር። 14ኛው ላይ ከሆነ ብሪጁ ወደ ድምፅ ቀዳዳው ስለሚቀርብ ድምፁ ይፈጥናል፣ ይበራል፤ ማርቲን በኦኤም ሞዴሉ የጀመረው በ1929 ገደማ ሲሆን 000ዎቹ በ1934 ተከትለዋል። ለዝግታ የጣት ጨዋታ 12 ፍሬቱን እመርጣለሁ።

ማርቲን ላይ መለያ ቁጥሩ በድምፅ ቀዳዳው በኩል ወደ አንገቱ ሲያዩ እንጨቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል። ቁጥር መስጠት የተጀመረው በ1898 ነው፤ ከ1930 መጨረሻ ጀምሮ የሞዴሉ ስም ከቁጥሩ በላይ ተጨምሯል። የጊብሰን ቁጥር ውስብስብ ስለሆነ በቁጥር ብቻ አይመኑ። መቃኛዎቹ ያሉበትን የአንገቱን ጫፍ ቅርፅ፣ የስሙን አጻጻፍና የውስጡን ማገር አብረው ያመዛዝኑ።

ማገሩን በተመለከተ ማወቅ ያለብዎ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በኤክስ ቅርፅ የተሻገረው ነው። ማርቲን እስከ 1944 መጨረሻ ድረስ የኤክሱን ማገሮች መሀላቸውን እየጎደጎደ ያቀጥናቸው ነበር፤ ከዚያ በፊት የተሠሩት ይበልጥ የሚፈለጉት አንድም በዚህ ነው። ሌላው እንደ መሰላል በአግድም ብቻ የተደረደረ ማገር ነው። የቺካጎዎቹ ሃርመኒና ሪጋል ብዙ ጊታሮች፣ በጊብሰን ፋብሪካ የተሠሩት ካላማዙ ኬጂ-11 እና ኬጂ-14፣ እንዲሁም ኤልጂ-1 እና ኤልጂ-0 እንዲህ ናቸው። ድምፁ ፈጥኖ ይወጣል፣ ፈጥኖም ይጠፋል፤ ለአሮጌ ብሉዝ ግሩም ነው፣ ድምፁ ረዘም ብሎ እንዲቆይለት ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

አንገቱን መለካት

ከሁሉም የሚከብደው፣ ብዙ ገንዘብም የሚያስወጣው ይህ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ፍጹም ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ፣ በግማሽ ሚሊ ሜትር የተከፋፈለ አጭር ማስመሪያና ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች ይያዙ። ጊታሩ በትክክለኛው ቅኝት መቃኘት አለበት፤ ክሩ ላልቶ የተወሰደ ልኬት ምንም አይነግርም። ሻጩ አላልቶ ካቆየው ቃኝተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ።

በመጀመሪያ አንገቱ ራሱ መጉበጥ አለመጉበጡን ይዩ። ወፍራሙን ክር 1ኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከሳጥኑ በሚጋጠምበት ፍሬት ላይ ይጫኑ። 7ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከ0.1 እስከ 0.25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ደህና ነው። ከ0.4 ካለፈ አንገቱ ጎብጧል። አብዛኞቹ ጊብሰኖች አንገታቸው ውስጥ በቁልፍ የሚስተካከል ዘንግ ስላላቸው ይህ ቀላል ነው። ማርቲን የሚስተካከል ዘንግ ያስገባው ግን በ1985 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት አንገት ውስጥ ያለው የማይንቀሳቀስ ዞጲ ወይም ብረት ነው። እነሱ የሚቃኑት ፍሬቶቹ ተነቅለው እግራቸው ወፈር ያለ ፍሬት ሲገባ ነው፤ ወፍራሙ እግር እንጨቱን እየገፋ አንገቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል።

ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ይለኩ። ከወፍራሙ ክር በታች ከ2 እስከ 2.4፣ ከቀጭኑ በታች ከ1.6 እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር ለጣት ተስማሚ ነው። ከፍ ካለ ሳድሉን (ብሪጁ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበትን ቀጭን ክፍል) ማሳጠር ይቻላል፤ ሆኖም 12ኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ላይ ስለሆነ እዚያ 1 ሚሊ ሜትር ለማውረድ ከሳድሉ 2 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል። ስለዚህ ሳድሉ ከብሪጁ በላይ ምን ያህል እንደወጣ ይዩ። የወጣው 3.5 ሚሊ ሜትር ሆኖ ለጣትም የሚመች ጊታር ካገኙ አጥብቀው ይያዙት። ሳድሉ ከብሪጁ እኩል ወርዶ ክሩ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ ግን በሳድል የሚፈታ ነገር የለም።

እውነቱን የሚያወጣው ረጅሙ ማስመሪያ ነው። በፍሬቶቹ ላይ በአንገቱ መሀል ያጋድሙትና ጫፉን ወደ ብሪጁ ይግፉት። ጫፉ የብሪጁን እንጨት የላይኛውን ጠርዝ ልክ ከነካ ወይም በትንሹ ከበላዩ ካለፈ የአንገቱ አቀማመጥ ጥሩ ነው። ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ብሪጁን ፊት ለፊት ከመታ አንገቱ ወደ ፊት አዘንብሏል፤ ተነቅሎ እንደገና መግጠም አለበት።

ይህን ለመሸፈን የሚደረግ የተለመደ ዘዴ አለ፤ ብሪጁን ራሱን መሞረድ። በ1930ዎቹ ማርቲን ላይ የብሪጁ ውፍረት ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከ7 በታች ካገኙ፣ ወይም ከክር መያዣ ቀዳዳዎቹ ወደ ሳድሉ ጥልቅ ቦይ ተቆፍሮ ካዩ፣ ሰው እንደነካው ይቁጠሩ። ጉዳቱ ድምፅ ላይ ነው። ክሩ ብሪጁ አጠገብ ከጣውላው በላይ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ሲቆም ጣውላውን የሚወዘውዝበት ጉልበት አለው፤ ወደ 9 ሲወርድ ጊታሩ ይደክማል፣ ድምፁም ይሳሳል። ድምፁ ደካማ የመሰለ አሮጌ ጊታር አንገቱ ተስተካክሎ ትክክለኛ ብሪጅና ሳድል ሲገባለት ብዙ ጊዜ ይነቃል።

አንገቱን መንቀል የባለሙያ ሥራ ነው፤ ምን እንደሚደረግ ማወቅ ግን ለመነጋገር ይረዳል። አንገቱ የተጋጠመው በሽብልቅ ቅርፅ በተቆረጠ እንጨትና ከእንስሳ ቆዳ በተሠራ ሙጫ ነው። በ14 ፍሬት ጊታር 15ኛው ፍሬት ተነቅሎ ከሥሩ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳና እንፋሎት ይገባል፤ ሙጫው ሲለሰልስ አንገቱ ይወጣል። ከዚያ ከአንገቱ ተረከዝ (ሳጥኑን ከሚነካው ወፍራም ጫፉ) ታች በኩል እንጨት ይላጣል። መጠኑ ከሚጠበቀው በታች ነው፤ ብሪጁ ላይ 3 ሚሊ ሜትር ለማግኘት ከተረከዙ ታች 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ። ዋጋው ትልቅ ስለሆነ ከግዢው ዋጋ ይቀንሱት። ተረከዙ ላይ ብሎን የተመታበት ወይም ኢፖክሲ የተባለ የማይለቅ ሙጫ የፈሰሰበት ጊታር ከሆነ ግን ይለፉት፤ ያንን ማላቀቅ ከመንቀሉ ይብሳል።

ውስጡን ማየት

አንገቱ መነቀል አለበት ብለው ከመወሰንዎ በፊት ውስጡን ይዩ፤ ጣውላው ከጎበጠ ብሪጁን ወደ ላይ ስለሚያነሳ ልኬቱን ያበላሻል። ክሮቹን አላልተው ትንሽ መስታወትና መብራት በድምፅ ቀዳዳው ያስገቡ። መጀመሪያ የሚታየው ከብሪጁ ሥር የተጣበቀው ቀጭን የሜፕል ሳንቃ ነው። የክሮቹ ጫፍ ኳሶች ተደግፈው የሚቆሙት እሱ ላይ ነው። ቀዳዳዎቹ ተበልተው ኳሶቹ ወደ ጣውላው እየገቡ ከሆነ ጣውላው ይሰነጠቃል። ትክክለኛው ጥገና የተበላውን ቦታ ብቻ በትንሽ ሜፕል መድፈን ነው። ብዙ ጠጋኞች ሳንቃውን ነቅለው ትልቅና ወፍራም ሮዝውድ ይለጥፋሉ፤ ጥንካሬ ይጨምራል፣ ድምፁን ግን ያፍናል። ቀላል ጣውላ ላይ ትንሽ ክብደት ሲጨመር ወዲያው ይሰማል።

ከዚያ ማገሮቹን ይፈትሹ። ጣውላውን በጣትዎ ሥጋ እየመቱ ያዳምጡ፤ የላላ ማገር ሲንኳኳ ወይም ዝዝ ሲል ይሰማል። በጠርዙ በኩል ስስ ወረቀት ከገባ ሙጫው ለቅቋል። መልሶ ለማጣበቅ በሙቅ የቆዳ ሙጫ ይሠራል፤ የድሮውን ሙጫ አለስልሶ አብሮት ስለሚያያዝ። የአናጢ ነጭ ሙጫ ግን የድሮው ላይ በደንብ አይያዝም፤ ኋላ የሚመጣውን ጠጋኝም ያስለቅሳል።

ከብሪጁ ኋላ ትንሽ መጉበጥ ጤና ነው፤ እንዲያውም ፍጹም ዝርግ የሆነ አሮጌ ጣውላ እንዲጠራጠሩ ያድርግዎ። ከብሪጁ ፊት ለፊት የሰረጎደ ከሆነ ግን ማገር ለቅቋል ወይም ተሰብሯል።

ስንጥቅና ቀለም

ስንጥቅ አያስፈራዎ። ከብሪጁ ወደ ታች የሚሄድ ወይም በድምፅ ቀዳዳው አጠገብ ባለው የማርቲን ጥቁር መከላከያ ጠርዝ ላይ የሚታይ ስንጥቅ እጅግ የተለመደ ነው፤ መከላከያው በቀጥታ እንጨቱ ላይ ስለተጣበቀ ሲኮማተር ጣውላውን ይስበዋል። በደንብ ከተጣበቀና ከኋላው በትንንሽ እንጨት ከተደገፈ ድምፁን አይጎዳም። እንደገና የተቀባ ጊታር ግን ዋጋው በእጅጉ ይወርዳል፤ ወፍራም ቀለም ከተቀባም ጣውላው ይታፈናል። በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ቢያበሩበት አሮጌው ቀለምና አዲሱ በተለያየ መልክ ያንጸባርቃሉ። እርስዎም ሲያጸዱት ከጨርቅ ሌላ ምንም አይጠቀሙ።

ክር መምረጥና ማዳመጥ

ማርቲን ለብረት ክር ታስቦ የተሠራ ሞዴል በመደበኛነት ማውጣት የጀመረው በ1922 በ2-17 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ለአንጀት ክር የተሠሩ ናቸውና ናይለን ይግጠሙላቸው። ለ1930ዎቹ 0 እና 00 ከ0.011 እስከ 0.052 ኢንች ያለውን ስብስብ እመክራለሁ፤ 000 ጤናማ ከሆነ ከ0.012 እስከ 0.053 ይችላል። ከዚያ በላይ አይሂዱ። ወፍራም ክር ብዙ ድምፅ ያመጣል የሚለው እምነት እዚህ አይሠራም፤ ስሱ ጣውላ በጉተታው ይወጠርና ድምፁ ይጨመቃል። ክር ሲቀይሩ ከብሪጁ ኋላ ያለውን እብጠት ለክተው ይመዝግቡ፤ ከሁለት ወር በኋላ ከጨመረ ወደ ቀጭን ክር ይውረዱ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ የነበሩት የማርቲን ረጃጅም ሳድሎች በሙጫ የተያዙ ስለሆኑ በፒንሳ አይጎትቱ፤ ብሪጁ ይፈነከታል።

ሲያዳምጡ በአኮርድ (ብዙ ክሮችን አንድ ላይ በመምታት) አይጀምሩ፤ አኮርድ ብዙ ጉድ ይደብቃል። ሁለተኛውን ቀጭን ክር 7ኛው ፍሬት ላይ ይዘው በጣት ሥጋ ቀስ ብለው ይንኩ። ጥሩ ጊታር እዚያ ቦታ ላይ ወፈር ያለ፣ አስኳሉ የሚሰማ ድምፅ አለው፤ የመካከለኛ ጊታር ድምፅ ግን ቀጭንና ብርጭቆ መሰል ነው። ከዚያ እየጨመሩ ይምቱ፤ ድምፁ አብሮ ማደግ አለበት። ማሆጋኒ ሳጥን ደረቅና ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ሮዝውድ ደግሞ ከኋላው ብዙ ማስተጋቢያ ያስከትላል። ለትንሽ ሳጥን ማሆጋኒ ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ፤ ዋጋውም ዝቅ ይላል።

ማስቀመጥና ማጓጓዝ

እርጥበቱን ከ45 እስከ 55 በመቶ ያድርጉ፣ መለኪያውንም ጊታሩ በሚቀመጥበት መያዣ ውስጥ ያኑሩ። ከ40 በታች ሲቆይ ጣውላው ይኮማተርና ይሰነጠቃል። መቃኛዎቹ ሲጠነክሩ አንዲት ጠብታ ዘይት ጥርሶቹ ላይ ይበቃል፤ ለመቀየር ከተገደዱ በነባሩ ቀዳዳ የሚገባ ይፈልጉ፣ አሮጌዎቹንም አይጣሉ።

ሮዝውዱ የብራዚል ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ይህ እንጨት ከ1992 ጀምሮ ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይቲስ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው፤ ጊታሩ ተሸጦ ድንበር ሲሻገር የሳይቲስ ወረቀት ያስፈልገዋል። የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት ያለበት ጌጥም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን ከመላክዎ በፊት ሻጩ ወረቀቱን እንዲያሳይ ይጠይቁ።