ቶፕ ኳርክ ስትቆጥሩ እነዚህን ስህተቶች አትድገሙ

ደብረ ብርሃን ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ከጥቂት የፊዚክስ ተማሪዎች ጋር እንቀመጣለን። ብርዱ ስለማያስቀምጥ ሁላችንም ጋቢ ደርበናል። መሃል ላይ ሁለት ላፕቶፕ አለ። በውስጣቸው ያለው በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል በሰርን የሚገኘው የአትላስ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2020 ለትምህርት ብሎ በነፃ የለቀቀው ዳታ ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ፕሮቶኖች በ13 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ኢነርጂ ሲጋጩ የቶፕ ኳርክ (ከሚታወቁት መሠረታዊ ቅንጣቶች ሁሉ ከባዱ) ጥንድ የሚፈጠረው ምን ያህል ነው?

ጥያቄው አጭር ነው። መንገዱ ላይ ግን ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች አሉ። እነሱን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው ስህተት «ቶፕ ኳርክ አየሁ» ማለት ነው። ቶፕ ኳርክን ማንም አይቶት አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ በፌርሚላብ መገኘቱ ሲበሰርም የታየው ዱካው ነበር። አንድን ሰከንድ ለትሪሊዮን ክፈሉት። የደረሳችሁን እንደገና ለትሪሊዮን ክፈሉት። ቶፕ ኳርክ የሚኖረው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ክብደቱ ግን 172 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ የተንግስተን አቶም እንደማለት። ይህን ሁሉ ይዞ ወዲያው ወደ ደብልዩ ቦዞንና ወደ ቦተም ኳርክ ይፈርሳል። ደብልዩውም በተራው ይፈርሳል። መሣሪያው ላይ የሚደርሰው ኤሌክትሮን፣ ሙዎን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ) እና ጄት የምንለው የቅንጣቶች ጅረት ነው። ኒውትሪኖው ደግሞ ሳይነካ ያልፋል፤ ማለፉን የምናውቀው በጎደለው ሞመንተም ነው። ስለዚህ ሪፖርት ስትጽፉ «የቶፕ ጥንድ ምልክት ያለበት ክስተት» በሉ። የቃል ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። «አየሁ» ያለ ሰው «ምን አሳስቶኝ ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም።

ሁለተኛው ከሁሉም የከፋው ነው፤ የቆጠሩትን ልክ እንደተፈጠረው አድርጎ መውሰድ።

መንዝ ጓሳ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። አመሻሽ ላይ ጭጋጉ ይወርዳል። በጎቹ ወደ በረት ይገባሉ። አንድ ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። አንዳንዷ በግ ከሌላዋ ጎን ተለጥፋ ትገባና ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። አንዷ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ትገባለች። የጎረቤት ጠቦትም ተቀላቅሎ ይገባል። ልጁ «32» ቢል በረቱ ውስጥ 32 በግ አለ ማለት አይደለም። አባትየው ግን ብልህ ነው። 40 በግ መኖሩን እርግጠኛ በሆነበት ቀን፣ እንዲሁ ጭጋግ ሲሆን፣ ልጁን ያስቆጥረዋል። 32 ካለ፣ ልጁ ከ100 በግ 80 ያህሉን እንደሚይዝ አባት አወቀ። ከዚያ በኋላ የልጁን ቁጥር ለ0.8 ያካፍላል።

እኛም የምናደርገው ይህንኑ ነው። የምናውቀው መንጋ ደግሞ ዜድ ቦዞን ነው። ዜድ ወደ ሁለት ሙዎን ሲፈርስ አንደኛውን በጥብቅ ማጣሪያ እንይዛለን። ሁለተኛው መኖር አለበት። መሣሪያችን ሁለተኛውን ስንት ጊዜ አገኘው? መልሱ የሙዎን መያዣ ብቃታችን ነው። ይህን ከሲሙሌሽን (በኮምፒውተር ከተሠራ የግጭት ማስመሰያ) ብቻ ወስዶ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ሲሙሌሽኑ ራሱ ከዳታ ጋር መመዛዘን አለበት።

የጎረቤት ጠቦት ነገርም አለ። እኛ ዳራ እንለዋለን። ከ100 ሚሊዮን ገደማ የፕሮቶን ግጭት የቶፕ ጥንድ የሚፈጠረው በአንዱ ነው። ከቀረው ውስጥ ቶፕን ሊመስል የሚችል ነገር ይዞ የሚመጣ አለ። ተማሪ ብዙ ጊዜ ብዛት ያጓጓዋልና አንድ ሌፕተን (ኤሌክትሮን ወይም ሙዎን) እና ጄቶች ያሉበትን መንገድ ይመርጣል። እዚያ ግን ደብልዩ ከተራ ጄቶች ጋር ሆኖ ይወርርባችኋል። ለጀማሪ የምመክረው አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ሙዎን፣ ቻርጃቸው ተቃራኒ የሆነበትን መንገድ ነው። ጥቂት ነው፤ ከ100 ጥንድ 2 ወይም 3 ብቻ። ግን ንጹህ ነው። ዜድ በቀጥታ አንድ ኤሌክትሮንና አንድ ሙዎን አይሰጥምና ትልቁ ዳራ በሩ ላይ ይቀራል።

በዚሁ መንገድ ሌላ ስህተትም ይቀረፋል። ተማሪዎች የቦተም ጄት መለያውን (ጄቱ ከቦተም ኳርክ መምጣቱን የሚለየውን ዘዴ) ብቃት ከሆነ ሠንጠረዥ ላይ ገልብጠው ያስገባሉ። ለምን? ዳታው ራሱ ይነግራችኋል! እያንዳንዱ የቶፕ ጥንድ ሁለት ቦተም አለው። እንበል አንድ መለያ የተገኘባቸው ክስተቶች 4,200፣ ሁለት መለያ የተገኘባቸው 4,900 ሆኑ። የ4,900ን እጥፍ ውሰዱ፤ 9,800። 4,200 ስትጨምሩበት 14,000። 9,800 ለ14,000 ሲካፈል 0.7። ብቃቱ 70 በመቶ ነው። 4,900ን ለ0.7 ሁለቴ አካፍሉ፤ 10,000 ክስተት። መለያ አንድም ያላገኘንባቸው 900 ክስተቶች ሳናያቸው ተቆጠሩ። አትላስ ራሱ ይህን ዘዴ ይጠቀማል፤ ዳራውን ቀንሶ፣ በሁለቱ ጄቶች መካከል ላለው ዝምድና ትንሽ እርማት ጨምሮበት። ይህን ስሌት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ያየች አንዲት ተማሪ ቾኩን ከእጄ ወስዳ ራሷ ደገመችው።

አሁን ቶሎ ቶሎ የሚጠቀሱ። የሉሚኖሲቲ፣ ማለትም ምን ያህል ግጭት እንደተሰበሰበ የሚነግረው መጠን፣ አሃድ አትቀላቅሉ። 10 ኢንቨርስ ፌምቶባርን ማለት 10,000 ኢንቨርስ ፒኮባርን ነው። መልሳችሁ፣ ማለትም በፒኮባርን የሚለካው የቶፕ ጥንድ የመፈጠር ዕድል፣ በ830 ፈንታ 0.83 ከወጣ ፊዚክሱ አልፈረሰም፤ 1,000 ጠፍቷችኋል። የሲሙሌሽን ክስተቶችን ደግሞ አንድ ሁለት እያላችሁ አትቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ክብደት አለው፣ ክብደቱም አንዳንዴ ኔጌቲቭ ነው። ደማምሩት እንጂ አትጣሉት። የፌርሚላብን ቁጥር ከሰርን ጋር አታወዳድሩ። እዚያ ግጭቱ በፕሮቶንና በአንቲፕሮቶን መካከል፣ በ1.96 ቴራ ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ ውጤቱም ከ8 ፒኮባርን በታች። እዚህ 830 ገደማ ነው። እዚያ ሥራውን በአብዛኛው የሠሩት ኳርኮች ናቸው፣ እዚህ ግሉኦኖች (ኳርኮችን አጣብቀው የሚይዙት ቅንጣቶች)።

አንድ ነገር ላይ ግን ቆም ልበል። ቲዎሪው ወደ 830 ፒኮባርን ይላል። ይህን ቁጥር ሁላችንም እናውቀዋለን። አደጋውም እሱ ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት ተማሪዎች 790 አገኙ። የጄቱን የሞመንተም ማጣሪያ ከ25 ወደ 30 ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት ቀየሩት፤ 811 ሆነ። ፊታቸው በራ። ሦስተኛ ማጣሪያ ሊነኩ ሲሉ ላፕቶፑን ዘጋሁት። እየለካን ሳይሆን ቁጥር እየፈለግን ነበር። ማጣሪያ የሚመረጠው በሲሙሌሽን ላይ፣ መልሱ ሳይታይ ነው። ከተመረጠ በኋላ ዳታው ያለውን ይበል። ትልልቆቹ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ውጤቱን ሸፍነው የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ እነሱ የሚፈሩትን እኛ የማንፈራበት ምክንያት የለም።

ወደ 790 ተመለስን። እዚህ ላይ የመጨረሻው ስህተት መጣ፤ ተማሪዎቹ የጻፉት የስታቲስቲክሱን ልዩነት ብቻ ነበር፣ 790 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 3። እንዲህ ከሆነ ከቲዎሪው ተጣልተናል ማለት ነው። ግን የአትላስን የራሱን ውጤት ተመልከቱ፤ 829 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 15። ከዚያ ውስጥ የስታቲስቲክሱ ድርሻ 1 ብቻ ነው። የቀረው የሲሙሌሽኑ ሞዴል፣ የሌፕተን መያዣ ብቃት፣ የሉሚኖሲቲው ልኬት ነው። ዳታ ቢቆለል ይህ አይጠብም።

ስለዚህ አንድ በአንድ ሄድንበት። የጄቱን ኢነርጂ ከፍና ዝቅ አድርገን ደገምነው። የሙዎን ብቃቱን እንዲሁ። ሲሙሌሽኑን በሌላ ሲሙሌሽን ቀየርነው። መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ። ሲመሽ ሰሌዳው ላይ የቀረው 790 ሲደመር ወይም ሲቀነስ 60 ነበር፤ በመጀመሪያው ማጣሪያ፣ ሳይነካ።