የእንግሊዝ ወታደር ሁልጊዜ ቀይ ለባሽ አልነበረም፦ ትንንሽ የወታደር ምስሎች ስንቀባ የምንሠራቸው ስህተቶች

«የእንግሊዝ ወታደር ምን ይለብስ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚረባ መልስ አያገኝም። መልስ ያለው ጥያቄ «የትኛው ሬጅመንት? በየትኛው ዘመቻ? ማዕረጉስ?» የሚለው ነው። እነዚህን ሦስቱን ሳያጣራ ብሩሽ ያነሳ ሰው ቀለሙን ፍቆ እንደገና ይጀምራል። እኔ ብዙ ጊዜ ፍቄያለሁ።

የራሴን ስህተት ላስቀድም። መቅደላ የተያዘችው ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። የጄኔራል ናፒየርን ጦር ለመቀባት መረጃ ስፈልግም ዓይኔ የሚያርፈው «1860» የሚል በተጻፈበት ሥዕል ላይ ነበር። ለፈረንጆቹ ግን ያ ቀን ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው። ስምንት ዓመት ለልብስ ቀላል ልዩነት ሊመስል ይችላል፤ ለጠመንጃ ግን ሌላ ዘመን ነው። በእነሱ 1860 የእንግሊዝ እግረኛ የያዘው ኤንፊልድ ባሩዱና ጥይቱ በአፈሙዝ ገብቶ በዘንግ የሚጠቀጠቅ ነበር። ከመቅደላ አጠገብ በተደረገው የእሮጌ ውጊያ የተተኮሰው ግን ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር፣ አባቶቻችን ሰናድር ያሉት ነው። አራተኛው ሬጅመንት ብቻውን በዚያ ውጊያ 10,200 ጥይት ተኩሷል፤ እንዲህ ያለ ተኩስ በዘንግ እየጠቀጠቁ የሚሞከር አይደለም። እኔ ለመቅደላ ብዬ የገዛኋቸው ስድስት ምስሎች ደግሞ ዘንጋቸውን ወደ አፈሙዝ ሲሰዱ የተቀረጹ ሆነው ተገኙ። ይህን ቀለም አይሸፍነውም። አሁን በማስታወሻዬ ላይ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር እጽፋለሁ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሁለተኛው ስህተት ቀይ ቀለሙ ነው። መቅደላ ላይ የዘመተው ከህንድ የመጣ ጦር በካኪ ነበር። ይህን የሰማ ሰው ደግሞ «እንግዲያው ከ1868 በኋላ ሁሉም ካኪ ለበሰ» ብሎ ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባል። ከመቅደላ አሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1879 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከዙሉዎች ጋር የተዋጋው እግረኛ ቀይ ኮትና ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ለብሶ ነበር፤ ሱዳን ውስጥ በ1885 መጨረሻ ጊኒስ ላይም ቀይ ለብሰው ገብተዋል። የልብስ ታሪክ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ጦሩ ከየት ተነሳ የሚለው ከዓመቱ እኩል ይመዝናል።

ካኪውም ቢሆን ከአንድ ብልቃጥ የሚወጣ ቀለም አይደለም። ፀሐይና ውኃ የማይመልሰው ማቅለሚያ የመጣው በ1880ዎቹ ነው። ከዚያ በፊት ነጭ ጥጥ ልብስ በተገኘው ነገር እየተነከረ ይቀለም ስለነበር ደረቱ ግራጫ፣ ክንዱ ቡናማ፣ ትከሻው በፀሐይ የነጣ ወታደር ማየት የሚያስገርም አልነበረም። እኔ መሠረቱን አንድ አድርጌ ቀብቼ ለሦስቱ ምስሎች ጠብታ ነጭ፣ ለሦስቱ ጠብታ ቡናማ፣ ለቀሪዎቹ ትንሽ ግራጫ እጨምራለሁ። ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ለዓይን ብዙ አይታይም፤ ሰልፉ ግን ረጅም መንገድ የተጓዘ ይመስላል።

የቡሽ ባርኔጣውን በረዶ የመሰለ ነጭ መቀባትም እንዲሁ ነው። በዙሉ ዘመቻ ወታደሮቹ ነጩ ባርኔጣ ከሩቅ ስላጋለጣቸው በሻይ ነከሩት፤ ግንባሩ ላይ የነበረውን የናስ ምልክትም አወለቁ። ሻይ ደግሞ እኩል አይዝም፤ ስፌቱ ላይ ይጠቁራል፣ አናቱ ላይ ይሳሳል። ቀጭን ቡናማ ቀለም በብዙ ውኃ አቅጥነው ቢያፈሱበት ራሱ ወደ ስፌቱ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ አይነካካ።

አሁን ወደ ምንጮቹ። በዘመኑ የለንደን ጋዜጦች የታተሙት የመቅደላ ሥዕሎች ጥቁርና ነጭ ነበሩ። ዛሬ በቀለም የምናያቸው አብዛኞቹ ከብዙ ዓመታት በኋላ ለገበያ ሲባል በእጅ የተቀቡ ናቸው፤ ቀቢው ደግሞ የእንግሊዝ ወታደር ሲያይ እጁ ወደ ቀይ ይሄዳል። ትልልቅ የዘይት ሥዕሎችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። ናፖሊዮን በ1815 በተሸነፈበት በዋተርሉ ውጊያ የዘመቱትን የስኮትላንድ ፈረሰኞች የሳለችው ኤልዛቤት ቶምሰን የተወለደችው ከጦርነቱ 31 ዓመት በኋላ ነው። ሥዕሏ ድንቅ ነው፤ ምስክር ግን አይደለችም።

«ፎቶግራፍስ አይዋሽም» የሚል ይኖራል። ይዋሻል። የዚያ ዘመን የመስታወት ፊልም ሰማያዊ ብርሃን አጥብቆ ሲይዝ ቀይና ቢጫን ከሞላ ጎደል አያይም ነበር። ስለዚህ ቀይ ኮት ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊ ይነጣል፣ ቢጫ አንገትጌ ጥቁር ይመስላል። ከፎቶግራፍ ቅርጽን፣ የቁልፍ ብዛትንና የቀበቶ አስተሳሰርን ውሰዱ፤ ቀለምን ግን ከሌላ ቦታ ፈልጉ።

የደንብ መጻሕፍትም የሚያሳዩት መሆን የነበረበትን እንጂ የሆነውን አይደለም። የእንግሊዝ የልብስ ደንብ በዋናነት የሚናገረው ስለ መኮንኖች ነው። የእንግሊዙ ጄኔራል ዌሊንግተን በስፔንና በፖርቱጋል ከናፖሊዮን ጦር ጋር ሲዋጋ፣ ሰዉ 60 ጥይቱን ይዞ ለውጊያ እስከተዘጋጀ ድረስ የሱሪው ቀለም ምንም እንደማይገደው አብሮት የዘመተ መኮንን ጽፏል። ስለዚህ በአገሬው ቡናማ ጨርቅ የተጣፈ ጉልበት ስህተት ሳይሆን ትክክል ነው።

በዚያው በናፖሊዮን ዘመን ቀዩ ራሱ ሁለት ነበር። ተራው ወታደር ከማደር ተክል ሥር በሚገኝ፣ ወደ ጡብ በሚያደላ ቀይ ሲለብስ፣ መኮንኑ ኮቺኒል ከሚባል ነፍሳት የሚገኘውን ደማቅ ቀይ ይለብስ ነበር። ሁሉንም ከአንድ ብልቃጥ የቀባ ሰው ማዕረግን ሰርዟል። ሬጅመንት የሚለየው ደግሞ በአንገትጌውና በእጅጌው ጫፍ ነው፤ 44ኛው ቢጫ፣ 79ኛው ጥቁር አረንጓዴ፣ 33ኛው ደግሞ እንደ ኮቱ ቀይ። በ1768ቱ ደንብ መሠረት ከበሮ መቺ ቀለሙን ገልብጦ የአንገትጌውን ቀለም ኮት ያደርጋል። አንገትጌው ቀይ ለሆነው ለ33ኛው ይህ ስለማይሠራ ከበሮ መቺው ነጭ ኮት እንዲለብስ ተደነገገ። አንድ ምስል ለብቻው ነጭ ሆኖ ሲቆም «ይህ ረስተኸው ነው?» ይሉኛል።

ይኸው 33ኛ ሬጅመንት ነው ከመቶ ዓመት በኋላ መቅደላን የወጣው። በገደሉ ተንጠላጥለው የእሾህ አጥሩን አልፈው መጀመሪያ ከገቡት ሁለት ሰዎች አንዱ ማይክል ማግነር የተባለ ከበሮ መቺ ነበር። እሱን ለመቀባት ግን ነጩን ብልቃጥ አትክፈቱ።