የዝንጅብል ሊኮር ደፈረሰ፣ ፈላ፣ ረጋ፣ መረረ፦ ምን ነክቶት ነው፣ ምንስ ይደረግ

ደሴ ጥር ላይ ማታ ማታ ብርዱ አጥንት ነው ሚገባው፣ እኛ ቤት የዝንጅብል ሊኮር፣ ማለትም ዝንጅብል የተዘፈዘፈበት በስኳር የጣፈጠ አረቄ፣ በመለኪያ ሚወጣውም ያኔ ነው። ለብርድ መስራቱ የኛ ብቻ አደለም፣ በ1903 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ለንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ በክፍት መኪና ሲጓዙ እንዲያሞቃቸው ተብሎ አንድ የዝንጅብል ሊኮር ተሰርቶ ነበር፣ እስከዛሬም ይሸጣል። አሁን ብዙ ሰው ቤቱ መስራት ጀምሯል ደስ ይላል፣ ግን ጠርሙሳቸውን ይዘው እየመጡ «እንዲህ ሆነብኝ ልድፋው ወይ» ይሉኛል። እንዳየሁት ከሆነ ሊደፋ የነበረው አብዛኛው ደህና ነው፣ ሊጠጣ የነበረው አንዳንዱ ደሞ መደፋት የነበረበት ነው። ስለዚህ ከምልክቱ ተነስቼ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚደረግ ልጻፍላችሁ።

መጀመሪያ በምን ልክ እንደምሰራ ልንገራችሁ፣ ቁጥሩ ከሌለ ቀጥሎ ያለው አይገባም። 1 ሊትር 40 ፐርሰንት የሆነ ቮድካ ወይ ጥሩ ዳግም አረቄ (ሁለቴ የወጣው)፣ 150 ግራም ትኩስ ዝንጅብል ታጥቦ በስሱ የተከተፈ፣ የአንድ ሎሚ ልጣጭ ላይኛው አረንጓዴው ብቻ፣ ከኮረሪማ አምስት ስድስት ፍሬ። በመስታወት ዕቃ ተከድኖ 3 ቀን ይቀመጣል፣ በየቀኑ ትቀምሱታላችሁ፣ ከዛ ይጠለላል። 500 ግራም ስኳር በ250 ሚሊ ውሃ አሟሙታችሁ በደንብ ሲቀዘቅዝ ትጨምሩበታላችሁ። ሽሮፑ ወደ 560 ሚሊ ስለሚሆን ጠቅላላ ጥንካሬው 25 ፐርሰንት አካባቢ ይወርዳል። 3 ሳምንት ይረፍ፣ በቃ።

«ደፈረሰብኝ፣ ወተት መሰለ»

ብዙው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ችግሩ ደሞ መልኩ አንድ ሆኖ ምክንያቱ ሁለት መሆኑ ነው፣ መፍትሄያቸውም አይገናኝም።

አንደኛው ዘይት ነው። ለዝንጅብል ሽታና ማቃጠል ሚሰጡት ዘይትና ሙጫ መሰል ነገሮች ጠንካራ አልኮል ውስጥ ይሟሟሉ፣ ሽሮፕ ገብቶ ውሃው ሲበዛ ግን ሟሙተው መቆየት ስለማይችሉ በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆነው ይወጡና ነጭ ያደርጉታል። ኡዞ ሚባለው የግሪክ አረቄ ላይ ውሃ ሲጨመር ወዲያው ነጭ ይሆናል፣ እሱ ራሱ ነው። ጉዳት የለውም፣ እንደውም ዝንጅብሉ በደንብ እንደወጣ ነው ሚያሳየው።

ሁለተኛው ስታርች ነው፣ ድንች ውስጥ ያለው ዓይነት ነጭ ዱቄት ማለት ነው። ዝንጅብል ውሃው ወጥቶ ሲደርቅ ግማሽ ገደማው ስታርች ነው፣ ስለዚህ በብሌንደር ፈጭቶ ወይ በሙቀጫ ወቅጦ የከተተ ሰው ድንች ወቅጦ እንደከተተ ቁጠሩት። ዝንጅብሉን ከሽሮፑ ጋር ያፈላ ሰው ደሞ ስታርቹን አብስሎ አጥሚት አድርጎታል ማለት ነው። እኔም የመጀመሪያው አመት ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል በብሌንደር ፈጭቼ ነው የጀመርኩት፣ በነጠላ ስጠልለው አልወርድ ሲለኝ ጨመቅኩት፣ መጭመቁ ደሞ የቀረውን ዱቄት በሙሉ ይዞት ወረደ። ስለዚህ በስሱ ክተፉ፣ ስትጠልሉ አትጭመቁ፣ ራሱ ይንጠባጠብ ተዉት።

የቱ እንደሆነ ለመለየት ከደፈረሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ በብርጭቆ አድርጉና ያልተበረዘውን ቮድካ ወይ ዳግም ሁለት ማንኪያ ጨምሩበት። ጥርት ካለ ዘይት ነው፣ እንደደፈረሰ ከቀረ ስታርች ነው። ሌላም ምልክት አለው፣ ደሴ ጠዋት ላይ ደፍርሶ አድሮ ቀን ቤቱ ሲሞቅ ሚጠራ ከሆነ ዘይት ነው ምክንያቱም ቅዝቃዜ ዘይቱን ያስወጣዋል፣ ስታርች ግን ሞቀ ብሎ አይጠራም።

ዘይት ከሆነ ያልተበረዘውን መጠጥ 50 ሚሊ 50 ሚሊ እየጨመራችሁ እያወዛወዛችሁ እዩት፣ ሲጠራ አቁሙ። ወይ ደሞ እንደደፈረሰ ጠጡት፣ እኔ ለቤት ሲሆን አልነካካውም፣ ምክንያቱም በብርድ አደፍርሰው በወረቀት ሲያጣሩት ሚወጣው ያው ሽታው ነው።

ስታርች ከሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ሳምንት ሳትነኩት አስቀምጡት፣ ታች ነጭ ዝቃጭ ይሰራል፣ ከዛ ጠላ ከአተላው እንደሚለየው ላዩን ቀስ ብላችሁ ቅዱት ወይ በቀጭን ጎማ ሳቡት። ቀጥሎ በድርብ ነጠላ፣ ቀጥሎ በቡና ማጣሪያ ወረቀት፣ ወረቀቱ ሲደፈን እየቀየራችሁ። የተቀቀለው ግን አይዘቅጥም፣ አትልፉ። ለሻይ አድርጉት፣ ጣዕሙ ምንም አልሆነም።

«ሽታም የለው፣ ማቃጠልም የለው»

ገበያችን ላይ ያለው ዝንጅብል አብዛኛው ከደቡብ ነው ሚመጣው፣ ከወላይታና ከሀደሮ አካባቢ። በ2012 እ.ኤ.አ. ሚያጠወልግ የባክቴሪያ በሽታ ገብቶ የዛን አገር የዝንጅብል ማሳ ክፉኛ ነው የመታው፣ ስንት ገበሬ ነው ባዶ እጁን የቀረው፣ እና እኔ ዝንጅብል «አይረባም» ተብሎ ሲወረወር አንጀቴን ነው ሚበላኝ። እኛ ጋ እስኪደርስ ቀናት ስለሚያልፉት ስትገዙ አንዷን ጣት ስበሩ፣ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ጣታችሁን ካረጠበ ትኩስ ነው። የተጨማደደውም ግን ይሰራል፣ አሰራሩ ነው ሚለየው። ትኩሱን ሚያቃጥለው ጂንጀሮል ሚባለው ነገር ነው፣ ሲደርቅ ግን ከፊሉ ወደ ሾጋኦል ይቀየራል፣ ሾጋኦል ደሞ የባሰ ያቃጥላል። ስለዚህ ደረቅ ዝንጅብል ለ1 ሊትር 50 ግራም ይበቃዋል፣ ሰበር ሰበር አድርጉት እንጂ ዱቄት አታድርጉት። የሎሚ ሎሚ ሚለው ትኩስ ሽታ ግን ከደረቁ አይገኝም።

ሌላው ምክንያት መጠጡ ራሱ ደካማ መሆኑ ነው። ተራ አረቄ 34 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ዳግም ወደ 45 ይጠጋል፣ አልኮሉ ከፍ ሲል ነው ዘይቱን ሚስበው። ብርዱም አለ፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ከተማ ነው፣ ኮምቦልቻ 3 ቀን የበቃው እኛ ጋ 5 ቀን ሊፈልግ ይችላል፣ ቀኑን ሳይሆን ምላሳችሁን እመኑ።

ሽሮፑ ከገባ በኋላ ደካማ መሆኑን ካወቃችሁ ዝንጅብል እዛው ጣፋጩ ላይ አትጨምሩ፣ አልኮሉ ወርዷል አይስብም። በትንሽ ዕቃ 200 ሚሊ ጠንካራ መጠጥ ላይ 70 ግራም ዝንጅብል ክተፉና 2 ቀን አቆይታችሁ ጠልላችሁ እሱን ጨምሩበት።

«በጣም አቃጠለ» «መረረ»

ማቃጠሉ ወር ሲያርፍ ይለዝባል፣ ካልለዘበ ዝንጅብል ባልነካው መጠጥና ሽሮፕ አብዙት፣ ሁለት ጠርሙስ ይሆናል እንጂ አይባክንም። መራራው ግን ከሎሚው ነጭ ልጣጭ ነው ሚመጣው፣ ወይ ቅርንፉድ ከበዛ። ቅርንፉድ ለሊትር ከሁለት ፍሬ አይለፍ፣ እሱም አንድ ቀን ብቻ። መራራን በስኳር መሸፈን ሚቻል ይመስላል ግን ከጉሮሮ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ያው ማብዛት ነው።

«አረፋ ሰራ፣ ክዳኑ ተፈናጠረ»

እዚህ ጋ ተጠንቀቁ። ዝንጅብል ልጣጩ ላይ እርሾ ይዞ ነው ሚመጣው፣ ማርም እርሾ አያጣም። ጥንካሬው ከ20 ፐርሰንት በላይ ከሆነ እርሾው አይነሳም፣ ከዛ በታች ከወረደ ግን ስኳር አግኝቷል መፍላት ይጀምራል። አስሉት፦ 1 ሊትር ተራ አረቄ 34 ፐርሰንት፣ ላዩ ላይ 560 ሚሊ ሽሮፕ ሲገባ 22 ሆነ። ከዛ ደሞ የሎሚ ጭማቂ፣ ደሞ ትንሽ ማር፣ ደሞ «ከረረብኝ» ብሎ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ በቃ ከ20 በታች ገብቷል። ደሴ በብርዱ ዝም ያለ ጠርሙስ በሐረጎ መንገድ ቁልቁል ወርዶ 1,850 ሜትር አካባቢ ያለችው ኮምቦልቻ ሙቀት ሲያገኝ ነው ሚነሳው፣ ጠርሙስም ሊፈነዳ ይችላል፣ መስታወት ነው እኮ ዓይን ያጠፋል።

እንዲህ ያለ ጠርሙስ ካላችሁ መጀመሪያ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፊታችሁን አዙራችሁ ቀስ እያላችሁ ክፈቱት። ሽታው ደህና ከሆነ ጠንካራ መጠጥ ጨምራችሁ ወደ 25 መልሱት፣ ወይ ፍሪጅ ከታችሁ በሳምንት ውስጥ ጨርሱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ግን መመለሻ የለውም። ሻጋታ ከሰራም ይደፋ፣ ላዩን ገፎ መጠጣት የለም፣ እሱ ሚመጣው ዝንጅብሉ ተንሳፍፎ ከመጠጡ በላይ ሲቀር ነው፣ ስለዚህ ዕቃውን እስከ አንገቱ ሙሉት። ጥንካሬ በሃይድሮሜትር (መጠጡ ላይ ሚንሳፈፍ መለኪያ) ምትለኩ ካላችሁ ደሞ ስኳሩ ሳይገባ ለኩ፣ ስኳር ከገባ በኋላ ሚያሳየው ቁጥር ልክ አደለም።

«ታች ረጋ፣ ስኳር ሰራ»

ከስኳር ይልቅ በማር ምትሰሩ፣ የላስታ ነጭ ማር ካገኛችሁ እሱን ሚያህል የለም፣ ሽታው ዝንጅብሉን አይጫነውም። ግን ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ስኳር ደሞ ውሃ ውስጥ እንደሚሟሟው አልኮል ውስጥ አይሟሟም። አብሽሩ አልተበላሸም። ውሃ በድስት አሙቁ፣ ድስቱን ከእሳቱ አውጡ፣ እሳቱን አጥፉ ወይ ፈርኔሎውን ከቤት አርቁት፣ ከዛ ጠርሙሱን ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ ሞቅ ያለው ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። መጠጡን በቀጥታ እሳት ላይ መጣድ በፍጹም! ትነቱ እሳት ይይዛል፣ ከሰል ብቻውን በቂ ነው።

«ጠቆረ፣ ብረት ብረት አለ»

ብረት ድስት ወይ የተላጠ ጣሳ ውስጥ ነው ያስቀመጣችሁት። ጥቁረቱ አይመለስም፣ ጣዕሙም፣ ስለዚህ ይደፋ። ጀሪካንም አይሁን፣ አልኮል የፕላስቲኩን ሽታ ይስባል። ከወራት በኋላ ወደ ቢጫ ቡኒ ማለቱ ግን የዝንጅብል ባህሪ ነው፣ አያስደንግጣችሁ።

«ያልሆነ ራስ ምታት፣ ዓይኔ ጭጋግ አለብኝ»

ይሄ የሊኮር ችግር አደለም የመጠጡ ነው፣ እና ከሁሉም ይሄን እንድታነቡልኝ ነው ምፈልገው። ከታወቀ እጅ የወጣ የእህል አረቄ ሜታኖሉ (መርዛማው የአልኮል ዓይነት) ትንሽ ነው፣ አደጋው ሰው በኢንዱስትሪ አልኮል ወይ በሳኒታይዘር ሲያበዛው ነው። ሜታኖል በሽታ አይለይም፣ በጣዕም አይለይም፣ ዝንጅብልና ስኳር ከገባበት ደሞ ጭራሽ አይታወቅም፣ እሳት ላይ ቢፈላም አይስተካከልም። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ወዲያው አይታይም፣ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ነው ማስታወክ፣ ሆድ ቁርጠት፣ የዓይን መጭገግ ሚጀምረው። እንዲህ ያለ ሰው ካያችሁ «ሀንጎቨር ነው ይተኛ» አትበሉ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ሆስፒታል ውሰዱት፣ የጠጣውንም ጠርሙስ ያዙ። ማን እንዳወጣው ማታውቁትን አረቄ ለሊኮር አትግዙ፣ እኔ አክስቴ ሐይቅ ከተማ ከምታወጣው ወይ ከሱቅ ታሽጎ ከተገዛ ቮድካ ውጪ አልነካም።

«ለሙስሊም ጎረቤቴ የሰራሁት ፈላብኝ»

ወሎ ቤት እንግዳ ሲሰበሰብ ግማሹ አይጠጣም፣ ለነሱ ደሞ ሌላ ተራ ነገር ማቅረብ ነውር ነው፣ ስለዚህ ዝንጅብሉን በማርና በሎሚ ለብቻው፣ አልኮል ባልነካው ዕቃ እሰራለሁ። ብዙ ሰው ሚሳሳተው አስቀድሞ በርዞ ማስቀመጡ ላይ ነው። የማር ውሃ ከዝንጅብል ጋር በ2 በ3 ቀን እርሾው ይነሳል፣ አረፋ ካያችሁበት አልኮል ጀምሯል ማለት ነው፣ በፍጹም ለሙስሊም እንዳታቀርቡት፣ ባለማወቅ ሰውን ሐራም ማጠጣት ከባድ ነው። መላው ወፍራም አድርጎ ማስቀመጥ ነው፦ 200 ግራም ዝንጅብል በስሱ ከትፋችሁ በ500 ሚሊ ውሃ ሩብ ሰዓት ለስለስ ባለ እሳት ላይ፣ ጠልሉት፣ ለብ ሲል 1 ኪሎ ማር አሟሙበት፣ በንጹህ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። እዚህ ላይ ስታርቹ ቢያወፍረው ግድ የለም። እንግዳው ሲቀመጥ ሁለት ማንኪያ በብርጭቆ፣ ግማሽ ሎሚ፣ ፍል ውሃ። ከሊኮሩ ጋር እኩል፣ ባማረ ብርጭቆ፣ በአንድ ትሪ ይቅረብ።