የራጅ ናኖክሪስታል ደብረ ብርሃን ላይ ሲሠራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሲንቲሌተር የራጅ ጨረርን ወደሚታይ ብርሃን የሚለውጥ ቁስ ነው። እዚህ የምናነሣው 520 ናኖሜትር አካባቢ አረንጓዴ የሚያበራውን የሲዚየም ሊድ ብሮማይድ ናኖክሪስታል፣ ማለትም በናኖሜትር የሚለካ ደቃቅ ክሪስታል ነው።

ሲዚየም ኦሌትን በፈላ ውሃ ማሞቅ። የሲዚየሙ ምንጭ የሆነው ኦሌት በክፍል ሙቀት ስለሚረጋ፣ ሊድ ብሮማይድ ወዳለበት ትኩስ ፍላስክ በሲሪንጅ ከመወጋቱ በፊት 100 ዲግሪ ገደማ መድረስ አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃው 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ እሳት ቢጨምሩበትም ከዚያ አያልፍም። በዘይት ወይም በአሸዋ ያሙቁት። ሲሪንጁም ይሙቅ። በጠዋቱ ብርድ ቀዝቃዛ መርፌ ውስጥ የገባ ኦሌት ጫፉ ላይ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ግማሹ ፍላስኩ ውስጥ ይገባል፣ ግማሹ ይቀራል፣ የክሪስታሎቹም መጠን ይዘበራረቃል። መወጋት ያለበት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ 5 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ፍላስኩ በረዶ ውሃ ውስጥ ይነከራል።

ማድረቁን ማሳጠር። ሊድ ብሮማይዱና ማሟሚያው ኦክታዴሲን በ120 ዲግሪ፣ በቫኪዩም፣ አንድ ሰዓት ያህል ይድረቁ። ክረምት ላይ ጉም ቤት ድረስ ሲገባ ደግሞ ጠርሙስ ከፍቶ መተው አይታሰብም። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ መጀመሪያ የፓምፑን ቫልቭ ይዝጉ፤ አለዚያ የፓምፑ ዘይት ወደ ፍላስኩ ሊሳብ ይችላል።

በአልኮል ማጠብ። ክሪስታሉን የሸፈኑት ኦሌይክ አሲድና ኦሌይላሚን ይገፈፋሉ፣ ብርሃኑም ይሞታል። ሜቲል አሲቴት ይሻላል።

በዩቪ (አልትራቫዮሌት) የእጅ ባትሪ አይቶ መፍረድ። ከሁሉም የሚያሳስተው ይኼ ነው። ዩቪ ላይኛው ስስ ንብርብር ላይ ስለሚያልቅ ጥቂት ማይክሮሜትር ሽፋንም ቦግ ይላል፤ ራጁ ግን አብዛኛው ሰንጥቆት ያልፋል። አወፍረዋለሁ ሲሉ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ክሪስታሉ የራሱን ብርሃን መልሶ ይውጣል፣ የተረፈውም ወደ ጎን ተበትኖ ምስሉን ያደበዝዛል። ስለዚህ 50፣ 100 እና 200 ማይክሮሜትር ሽፋኖችን ሠርተው በመስመር መፈተሻ ሰሌዳ (ምስሉ ምን ያህል ቀጫጭን መስመሮችን እንደሚለይ በሚያሳይ ሰሌዳ) ያነጻጽሩ። ቮልቴጁ ሲጨምር ራጁ ይበልጥ ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ እጅ የሚነሣበት ከ50 እስከ 60 ኪሎቮልት ደረት ከሚነሣበት 120 ኪሎቮልት ጋር አንድ አይደለም። ለደረት፣ በእኛ ግምት፣ ታሊየም ያለው ሲዚየም አዮዳይድ የተባለው የተለመደ ሲንቲሌተር ገና አልተቀደመም።

የሽፋኑን ብርሃን የሚያነሣውን ካሜራ ጨረሩ ፊት መደቀን። ምስሉ በነጥብ ይሞላል፣ ሴንሰሩም ይጎዳል። በ45 ዲግሪ የቆመ መስተዋት አድርገው ካሜራውን ከመስመሩ ያውጡት።

መርዛማው ሊድ (እርሳስ) ያለበትን እጣቢ መታጠቢያ ላይ መድፋት ደግሞ የከተማዋን ወንዝ፣ የበሬሳን ወንዝ፣ መመረዝ ነው። ምልክት በተለጠፈበት፣ ክዳኑ በሚገጥም የመስታወት ጠርሙስ ይጠራቀም።